የሰብል ዓይነትና የቀይ ሸረሪት አዳኝ ጥንዚዛዎች

ቀይ ሸረሪት በመባል የሚታወቁት ማይቶች የተክል ቅጠል እየመጠጡ ሰብልን የሚጎዱ ጥቃቅን ተባዮች ናቸው። ከተፈጥሮ ጠላቶቻቸው መካከል ስቴቶረስ የተባለው ወገን ጥቃቅን ጥቁር ጥንዚዛዎች ይገኙበታል። እነዚህ ጥንዚዛዎች ተባዩን ምን ያህል ሊቆጣጠሩት እንደሚችሉ የሚወሰነው በጥንዚዛው የመብላት አቅም ብቻ አይደለም። አደኑ የሚካሄደው ቅጠል ላይ በመሆኑ የቅጠሉ ፀጉር፣ ሽታው፣ ተክሉ የሚያመነጨው ጣፋጭ ፈሳሽ፣ አልፎም ተክሉ ጉዳት የመቻል አቅሙ ውጤቱን ይለውጡታል። በዚህም ምክንያት በአንዱ ሰብል ላይ ማይት ጠራርጎ የሚበላ ጥንዚዛ በሌላው ሰብል ላይ ላይሰፍር ይችላል።

ጉዳዩ ብዙ ዓይነት ሰብል በአንድ ጓሮ በሚበቅልባቸው አካባቢዎች፣ ለምሳሌ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በወላይታ ዞን፣ በቀጥታ ከገበሬው ኑሮ ጋር ይያያዛል። በቦዲቲና በወላይታ ሶዶ ዙሪያ እንሰት፣ ቡና፣ ቦሎቄ፣ ስኳር ድንችና ጎደሬ ጎን ለጎን ይለማሉ፤ ዝቅ ባሉት ወረዳዎች ደግሞ ካሳቫና ቲማቲም ይጨመራሉ። ቅጠላቸው አንዱ ከሌላው እጅግ የተለየ ነው።

ተባዩና አዳኙ

ማይቶች ነፍሳት አይደሉም፤ ስምንት እግር ያላቸው የሸረሪትና የመዥገር ዘመዶች ናቸው። በዓለም ላይ በስፋት የተሠራጨው ባለ ሁለት ነጥብ ቀይ ሸረሪት (ቴትራኒኩስ ኡርቲኬ) ርዝመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ቀይ ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ መልኩ ፈዛዛ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ሲሆን በሁለቱ ጎኖቹ ጥቁር ነጥብ አለው። በቅጠሉ ጀርባ ተቀምጦ እንደ መርፌ በሾለ አፉ የሕዋሳቱን ይዘት ይመጣል። ቅጠሉ ከላይ ሲታይ መጀመሪያ በነጫጭ ነጠብጣብ ይሞላል፣ ቀጥሎ የነሐስ መልክ ይይዛል፣ በመጨረሻም ደርቆ ይረግፋል። ተባዩ ሲበዛ ቅጠሉን በቀጭን ድር ይሸፍነዋል። ሙቀቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆንበት ደረቅ አየር ከእንቁላል እስከ ጉልምስና ለመድረስ 10 ቀን ገደማ ይበቃዋል። አንዲት ሴት በዕድሜዋ ከ100 በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች።

ስቴቶረስ ሌዲበርድ ከሚባሉት ጥንዚዛዎች አስተኔ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው የሚያውቀውን ቀይ ጀርባና ጥቁር ነጠብጣብ የለውም፤ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር የሚረዝም፣ ክብ፣ ጥቁርና በጥቃቅን ፀጉር የተሸፈነ ነው። 90 ያህል ዝርያዎች ያሉት ሲሆን ከአንታርክቲካ በስተቀር በሁሉም አህጉራት ይገኛል። ሌሎቹ የአስተኔው አባላት ክሽክሽና ሌሎች ተባዮችን ሲመገቡ ስቴቶረስ ግን የሚኖረው በዋናነት ቀይ ሸረሪትን እየበላ ነው። ጉልምሱ በቀን ከ30 እስከ 60 ማይት ይበላል። ሴቷ እንቁላሏን አንድ በአንድ በቅጠሉ ጀርባ፣ ማይት በተሰበሰበበት አጠገብ ትጥላለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ ክንፍ ስለሌለው ምግቡን የሚፈልገው በእግሩ እየሄደ ነው፤ ሙሽሬ የሚሆነውም እዚያው ቅጠል ላይ ተጣብቆ ነው። ጉልምሱ የማይስማማውን ተክል ጥሎ መብረር ይችላል። እጩ ግን እናቱ በመረጠችለት ቅጠል ላይ ይኖራል ወይም ይሞታል። ቀጥሎ የተዘረዘሩት የቅጠል ባሕርያት ይበልጥ የሚጫኑትም በእጩ ላይ ነው።

የቅጠሉ ገጽ

ከሁሉም ይበልጥ የተጠናው የቅጠል ፀጉር ነው። የቲማቲም ግንድና ቅጠል በሁለት ዓይነት ፀጉር ተሸፍኗል፤ አንዱ ተራ ፀጉር ሲሆን ሌላው ጫፉ ላይ ዕጢ ያለውና ሲነካ ፈንድቶ የሚያጣብቅ ፈሳሽ የሚለቅ ነው። ቲማቲም ሲያስር ወይም ሲቀነጥብ የዋለ ሰው እጁን አረንጓዴና ጥቁር አድርጎ የሚቀባው ይኸው ፈሳሽ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ለማይሞላ እጭ ይህ እንደ ሙጫ ረግረግ ነው፤ እግሩ ይያዛል፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ በአንድ ቀን የሚያዳርሰው የቅጠል ስፋት ያንሳል። በካናዳ በግሪንሃውስ ውስጥ ስቴቶረስ ፑንክቲሉም የተባለው ዝርያ ሲለቀቅ በቃሪያና በኪያር ላይ ሰፍሮ ሲራባ በቲማቲም ላይ ግን መራባት አልቻለም። ልዩነቱን ያመጣው ተክሉ እንጂ የጥንዚዛው ዝርያ አይደለም።

ፀጉሩ ማይቱንም ያስቸግራል፣ ለዚህም ነው ጸጉራም የዱር ቲማቲም ዝርያዎች ተባይ የሚቋቋም ዘር ለማዳቀል የሚፈለጉት። አንዳንድ ማይቶች ግን ለምደውታል። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው የቲማቲም ቀይ ሸረሪት (ቴትራኒኩስ ኢቫንሲ) እ.ኤ.አ. በ1979 በዚምባብዌ ከታየ በኋላ በአህጉሩ ተስፋፍቶ እ.ኤ.አ. በ2001 ኬንያ መድረሱ ታውቋል። ይህ ዝርያ በቲማቲም፣ በድንችና እንደ አውጥ ባሉ የዚያው አስተኔ አረሞች ላይ ይኖራል። ተክሉ ራሱን ለመከላከል የሚያመነጫቸውን ንጥረ ነገሮች የማዳከም ችሎታም አለው። እዚህ ላይ አዳኙ እጥፍ ችግር ይገጥመዋል፤ የሚራመድበት ቅጠል ያጣብቃል፣ ወፍራሙ ድር ደግሞ ታዳኙን ይሸፍንለታል።

የቦሎቄ ችግር ሌላ ነው። የቦሎቄ ቅጠል ካሉት ፀጉሮች አንዳንዶቹ ጫፋቸው እንደ መንጠቆ የቆለመመ ሲሆን ቆዳቸው ለስላሳ የሆኑ ትናንሽ ነፍሳትን ወግተው ይይዛሉ። ያም ሆኖ ቦሎቄ ለቀይ ሸረሪት እጅግ የተመቸ ተክል ነው። በዓለም ዙሪያ ያሉ ቤተ ሙከራዎች ማይት ማርባት ሲፈልጉ የሚዘሩት ቦሎቄና ዘመዶቹን ነው። ለተባዩ ድግስ የሆነ ሰብል ለአዳኙ እሾሃማ መንገድ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ፀጉር ሁልጊዜ የአዳኝ እንቅፋት ነው ማለት ግን አይቻልም። ካሳቫ የዚህ ማስረጃ ነው፣ ምንም እንኳ እዚያ ያለው ዋና አዳኝ ጥንዚዛ ባይሆንም። የካሳቫ አረንጓዴ ማይት ከደቡብ አሜሪካ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1971 በኡጋንዳ ከታየ በኋላ የአፍሪካን የካሳቫ ቀበቶ አዳረሰ። ባደረሰው ጥፋት የተመዘገበው የሥር ምርት ቅነሳ ከ13 እስከ 80 በመቶ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ የነበሩ ስቴቶረስና ኦሊጎታ የተባሉ ጥንዚዛዎች ይበሉት ነበር፤ ነገር ግን የሚበዙት ማይቱ አስቀድሞ ከበዛና ቅጠሉ ከተጎዳ በኋላ ስለነበር ሊያስቆሙት አልቻሉም። ዓለም አቀፉ የሞቃት አካባቢ ግብርና ኢንስቲትዩት ከብራዚል ያስመጣው ቲፍሎድሮማሉስ አሪፖ የተባለ አዳኝ ማይት እ.ኤ.አ. በ1993 በቤኒን ተለቅቆ ሰፈረ። ይህ አዳኝ ቀኑን በካሳቫው ቀንበጥ ጫፍ፣ ገና ባልተዘረጉት ቅጠሎች መካከል ተሸሽጎ ይውላል፤ ሲመሽ ወደ ታች ወርዶ ያድናል። ጫፋቸው ጸጉራም የሆነ የካሳቫ ዝርያዎች ጫፋቸው ልሙጥ ከሆነው ይልቅ ብዙ አዳኝ ይይዛሉ። ድርቅ ጠንክሮ ጫፉ ሲጠወልግ ወይም ሲሞት አዳኙም ቤቱን ያጣል።

የቡና ቅጠልም ተመሳሳይ መጠለያ አለው። የቡና ቅጠል ጀርባ ሲገለበጥ ዋናው ሥርና የጎን ሥሮቹ በሚገናኙባቸው ማዕዘኖች ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይታያሉ። በውስጣቸው አዳኝ ማይቶች ይኖራሉ፣ ይራባሉም። ጥንዚዛው በግዝፈቱ ምክንያት አይገባባቸውም።

ሽታ

ጥንዚዛው ማይት ያለበትን ተክል ከሩቅ የሚያገኘው በዓይኑ አይደለም። ቅጠሉ በማይት ሲወጋ በጤነኛነቱ የማያመነጨውን ሽታ ያወጣል። ይህ ነገር መጀመሪያ በሰፊው የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በኔዘርላንድ፣ የሊማ ባቄላ ላይ በተደረጉ ምርምሮች ነበር፤ በዚያ የተፈተኑት አዳኝ ማይቶች በማይት ወደተጠቃው ተክል አቅጣጫ መሄድን መረጡ። ከሽታዎቹ አንዱ ሜቲል ሳሊሲሌት ነው፤ ለጡንቻ ሕመም በሚቀቡ ቅባቶች ውስጥ የሚሸተው ያው ነገር። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ለቢራ በሚበቅለው ሆፕና በወይን ማሳዎች፣ ይህ ንጥረ ነገር የተንጠለጠለባቸው ማጥመጃዎች ስቴቶረስን ስበው ይዘዋል።

የሽታው ዓይነትና ብዛት እንደ ተክሉ ዝርያ ይለያያል። ስለዚህ ሁለት ማሳዎች እኩል ማይት ኖሯቸው አንዱ ጥንዚዛ በፍጥነት ሲጠራ ሌላው ሊዘገይ ይችላል። የሰብል ማዳቀል ሥራ ለምርትና ለበሽታ ሲመርጥ ይህን ባሕርይ አውቆ አይመርጠውም፤ ሳያውቅ ሊጥለው ግን ይችላል።

ማይት ሲጠፋ

ስቴቶረስ በአንድ ምግብ ላይ የተወሰነ መሆኑ ድክመቱም ነው። ማይቱን ከጨረሰ በኋላ እንቁላል መጣል ያቆማል፤ በአበባ ብናኝ ብቻ ዘሩን ማስቀጠል አይችልም። አንዳንድ ተክሎች ግን ለጥቂት ጊዜ ያቆዩታል። በካናዳ ኦንታሪዮ በኮክ እርሻዎች ላይ በተደረገ ጥናት ጥንዚዛው ከኮክ ቅጠል አገዳ ዕጢዎች የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ እየላሰ ሲቆይ ታይቷል። እንዲህ ያለ ከአበባ ውጭ የሚመነጭ ጣፋጭ ፈሳሽ በጉሎም ላይ አለ። በአጥር ዳርና በጓሮ ጥግ የምትበቅለው ጉሎ ራሷ ቀይ ሸረሪት የምትይዝ መሆኗ ይታወቃል። በዚህ የተነሳ የተባይ መነሻ ተብላ ልትቆረጥ ትችላለች። በሌላ በኩል በዋናው ሰብል ላይ ማይት በማይኖርበት ወቅት አዳኙን የምታቆየውም እሷው ልትሆን ትችላለች።

ገበያ የሚወጣው የትኛው ክፍል ነው

ስቴቶረስ በብዛት የሚሰበሰበውና የሚራባው ማይቱ ከተወሰነ መጠን በላይ ሲሆን ነው። አዳኝ ማይቶች ግን በጥቂት ታዳኝም ይቆያሉ። ስለዚህ ጥንዚዛው የሚጠቅመው ሰብሉ ያን ያህል ማይት ችሎ መቆየት ከቻለ ነው። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት በአፕል እርሻዎች ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስቴቶረስ ፑንክቱም ዋናው የማይት መቆጣጠሪያ ለመሆን የበቃው በዚህ ነው። የአፕል ዛፍ የተወሰነ የቅጠል ጉዳት ቢደርስበት ፍሬው አይበላሽም፤ ገበሬው ጥንዚዛው እስኪደርስ መታገሥ ችሏል። ጥንዚዛው በዘመኑ ይረጩ የነበሩትን አንዳንድ ፀረ ተባዮች መቋቋሙም ረድቷል። በኋላ ላይ ሌሎች ዓይነት ኬሚካሎች ሲተኩ ቁጥሩ ወርዶ ቦታውን አዳኝ ማይት ወሰደ።

የጽጌረዳ እርሻ የዚህ ተቃራኒ ነው። አበባው የሚሸጠው ከነዘንጉና ከነቅጠሉ በመሆኑ ነጠብጣብ የታየበት ቅጠል ዋጋ ያሳጣል፤ ወደ ውጭ በሚላክ ምርት ላይ የተገኘ ማይትም ጣጣ ያመጣል። በኢትዮጵያ በዝዋይ (ባቱ) አካባቢና በሌሎች የአበባ እርሻዎች ፀረ ማይት ኬሚካልን ለመቀነስ የተለቀቁት አዳኞች ጥንዚዛዎች ሳይሆኑ ፊቶሴዩሉስ ፐርሲሚሊስን የመሰሉ አዳኝ ማይቶች የሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም። እዚያም ቢሆን የተክሉ አያያዝ ድርሻ አለው። ለምርት የማይፈለጉት ዘንጎች ሳይቆረጡ ወደ ጎን ታጥፈው ከታች እንደ ጉዝጓዝ ስለሚቀመጡ፣ ማይቱም አዳኙም የሚከርሙበት ቅጠል በዚያ ይገኛል።

በወላይታ

ቦዲቲ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ ከሐላባ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከዚህ ወደ ቢላቴ ወንዝና ወደ አባያ ሐይቅ ሲወረድ ከፍታው በብዙ መቶ ሜትሮች ይቀንሳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል። ለማይቱ ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው፤ በደጋማው አየር አንድ ትውልድ ለማድረስ ሳምንታት ሲፈጅበት በቆላው በበጋ ወራት ጊዜው በግማሽ ያጥርለታል። ጥንዚዛውም ሙቀት ይወዳል፤ 12 ዲግሪ አካባቢና ከዚያ በታች ዕድገቱ ይቆማል ለማለት ይቻላል። በሁለቱም ላይ ብርቱ ዝናብ ይፈርዳል፣ በተለይ ማይቱን ከቅጠሉ ያጥበዋል። የቀይ ሸረሪት ወቅት ከክረምት ማብቂያ እስከ በልግ ዝናብ መግቢያ ያለው ደረቅ ጊዜ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ካሳቫ በወላይትኛ ሚታ ቦዬ፣ በአማርኛም የእንጨት ቦዬ ይባላል። ድርቅ በመቻሉ በደቡብ ኢትዮጵያ ይበልጥ የተስፋፋው ከ1977 ዓ.ም. ረሃብ በኋላ ሲሆን ዱቄቱ ከጤፍ ወይም ከበቆሎ ጋር ተደባልቆ እንጀራና ቂጣ ይጋገርበታል። የሐዋሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ቁሌና ኬሎ የተባሉ ዝርያዎችን አውጥቷል። ማይት በአካባቢው ካሳቫ ላይ ከሚመዘገቡ ተባዮች አንዱ ነው። ካሳቫ በሰው ላይ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ሲያናይድ አመንጪ ንጥረ ነገር ቢይዝም ማይቱን ይህ አይመልሰውም።

ሰብሉ የሚለማው ለሥሩ ስለሆነ፣ ከላይ በተባለው መሠረት፣ የተወሰነ የቅጠል ጉዳት ይችላል፤ በዚህ ረገድ ከጽጌረዳ ይልቅ ለአፕል ይቀርባል። ማሳ ላይም ከአንድ ዓመት በላይ ስለሚቆይ አዳኞች ለመስፈር ጊዜ ያገኛሉ። ችግሩ ማይቱ የሚበዛው ካሳቫው በውሃ እጥረት ቅጠሉን በሚያራግፍበት በዚያው በጋ መሆኑ ነው። ለመተከያ ዝርያ ሲመረጥ ምርቱና የምሬቱ መጠን መታየታቸው ተገቢ ነው፤ የቀንበጡ ጫፍ ጸጉራም ወይም ልሙጥ መሆኑን ማየት ግን ምንም ወጪ የለውም፣ በዓይን ይለያልና።

በመስኖ የሚለማው ቲማቲም ጉዳይ ከዚህ የከፋ ነው። ወቅቱ በጋ ነው፣ ቅጠሉ የሚያጣብቅ ነው፣ ሰብሉ በጥቂት ወራት ተለቅሞ ያልቃል። ጥንዚዛ ብቻውን ቲማቲምን ያድናል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። በአንጻሩ በአቅራቢያው ያለ ቃሪያ ቅጠሉ ልሙጥ በመሆኑ ለጥንዚዛው የተመቸ ነው። አንድ ገበሬ ቃሪያው ላይ ያያቸው ጥንዚዛዎች ሁለት እርምጃ ርቆ ወዳለው ቲማቲም አለመሻገራቸው ሊያስገርመው ይችላል፤ ምክንያቱ ያጣብቃል ከተባለው ፀጉር ብዙም አይርቅም።

ውሃ፣ ማዳበሪያ፣ አቧራና ፀረ ተባይ

የአንድ ሰብል ባሕርይ ቋሚ አይደለም። ዩሪያ የበዛበት ተክል ቅጠሉ በናይትሮጅን ስለሚበለጽግ ማይቱ በፍጥነት ይራባበታል፤ ውሃ የጠማው ተክልም እንዲሁ ይጋለጣል። በጥርጊያ መንገድ ዳር ያሉ ማሳዎች በበጋ አቧራ ሲለብሱ ማይት ይበዛባቸዋል፣ አቧራው የአዳኞችን እንቅስቃሴ ስለሚያውክ። ቅጠሉን በውሃ ማጠብ ይህን ያቀልላል፤ ውሃ በጀርባ በሚቀዳበት አካባቢ ግን ይህ ለጓሮ አትክልት እንጂ ለማሳ የሚሆን ምክር አይደለም።

ከሁሉም በላይ የጥንዚዛውን ሥራ የሚያፈርሰው ሁሉን ገዳይ ፀረ ተባይ ነው። ፓይሬትሮይድ የሚባሉት ኬሚካሎች አባጨጓሬ ለመግደል ሲረጩ ጥንዚዛውን አብረው ይገድላሉ፤ ማይቱ ግን በቅጠሉ ጀርባና በድሩ ውስጥ ሆኖ ብዙው ይተርፋል። ከርጭቱ ሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ማይቱ ከበፊቱ በልጦ ይታያል። ገበሬው መድኃኒቱ የተበረዘ ወይም ጊዜው ያለፈበት ነው ብሎ ይጠረጥራል፣ ደግሞም ይረጫል። ኢሚዳክሎፕሪድን የመሰሉ በተክሉ ውስጥ የሚዘዋወሩ ኬሚካሎች በተለያዩ ሰብሎች ላይ ማይት እንዲበዛ ማድረጋቸው በተደጋጋሚ ታይቷል፤ ማይቱ ነፍሳት ስላልሆነ ኬሚካሉ ብዙም አይገድለውም። እዚህ ላይ ተክሉ ራሱ መርዙን ተሸክሞ በበላተኛው በኩል ለአዳኙ ያቀብላል።

በማሳ ላይ መለየት

ጥንዚዛው እጅግ ትንሽ በመሆኑ ሳይታወቅ ይኖራል፤ ሲታይም ቁንጫ ወይም ሌላ ተባይ ይመስላል። ቀላሉ ዘዴ ነጠብጣብ የታየበትን ቅርንጫፍ በነጭ ወረቀት ላይ መታ መታ ማድረግ ነው። ማይቶቹ በወረቀቱ ላይ ቀስ ብለው የሚሄዱ ነጥቦች ሆነው ይታያሉ። ስቴቶረስ ከነሱ ሁለት ሦስት እጥፍ የሚተልቅ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ነጥብ ሲሆን ፈጥኖ ይሄዳል ወይም ይበራል። እጩ ግራጫ ወይም ጠቆር ያለ፣ ሞላላና ጸጉራም ሲሆን ከቅጠሉ ጀርባ በአጉሊ መነጽር ይገኛል። በዙሪያው ይዘታቸው ተመጥጦ የቀሩ የማይት ቅርፊቶች ካሉ አደኑ እየተካሄደ ነው ማለት ነው። በቲማቲም ላይ የቅርንጫፉ ፈሳሽ ብዙዎቹን ስለሚይዛቸው ወረቀቱ ላይ አይወድቁም፤ ስለዚህ ቅጠሉን ገልብጦ ማየት ይሻላል።